የበላኋት እኔ ነኝ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። እኔ የወላጅ ኮሚቴ አባል ነኝ። የተመረጥኩት ችሎታ ኖሮኝ እንዳይመስላችሁ፤ ምርጫው ሲካሄድ እምቢ ማለት ያቃተኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምንሰበሰበው ስለ አጥርና ስለ መጸዳጃ ቤት ለመነጋገር ነው። ያን ዕለት ግን ርእሰ መምህሯ አንድ የአእምሮ ሐኪም ጋብዛ ኖሯል። ልጅ እግር ነው፤ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልሞላም። የደብረ ብርሃን ብርድ አዲስ ሆኖበት ነው መሰለኝ እጁን ከካፖርቱ ኪስ ሳያወጣ ነው ተናግሮ የጨረሰው።

የመጣው ራሳቸውን ስለሚጎዱ ልጆች ሊያስረዳን ነው። ገላቸውን የሚያቆስሉ፣ ቁስሉንም በልብስ የሚሸፍኑ ልጆች አሉ አለን። "እዚህ አገር ደግሞ ሁሉም ሰው ሹራብ ስለሚለብስ አይታወቅባቸውም።" እስከዚህ ድረስ በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው። ቀጠለና "አንዳንዶቹ ይህን የሚያደርጉት ለመሞት ፈልገው አይደለም" አለ። "አእምሯቸው ከሰውነታቸው ይርቅባቸዋል። ገላቸው የሌላ ሰው ገላ ይመስላቸዋል፤ የሚያዩት ነገር ሁሉ ከመስታወት ጀርባ ያለ ይመስላቸዋል። ሕመሙ 'አለሁ' አሰኝቶ ይመልሳቸዋል። እንዲህ ስላልኩ ግን አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ሳትጮኹባቸው፣ ሳታሳፍሯቸው ወደ እኛ አምጧቸው።"

አንዲት እናት እጇን አወጣች። "ዶክተር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይሄ ቡዳ ሲበላ የሚሆነው አይደለም ወይ?"

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ሐኪሙ ግን ደግ ልጅ ነው፤ ሳይስቅባት በትሕትና መለሰላት። እኔም አልሳቅሁም። ለሻይ ሲወጡ ቦርሳዬን አንስቼ ሹልክ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስለ መጸዳጃ ቤቱ ምን እንደተወሰነ እስካሁን አላውቅም።

የልጅነት ጓደኛዬን አጸደን ላንሳላችሁ። ያኔ ሁለታችንም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ነበርን፤ አሁን ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአንኮበር ገጠር ልጆች ነን፤ የእኔና የእሷን ሰፈር የሚለየው አንድ ሸለቆ ነው። የእነሱ ቤት ገደሉ አፋፍ ላይ ስለሆነ ጠዋት ጉሙ ከቆላ ሲወጣ መጀመሪያ የሚውጠው የነሱን ጣሪያ ነበር። በአካባቢያችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ደብረ ብርሃን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ በጭነት መኪና ወደ አገር ቤት እንወርድና ስንቃችንን ተሸክመን እንመለሳለን፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ። ስንቅ ባይኖር ኖሮ የእኛ ትውልድ አንድም አስተማሪ፣ አንድም ነርስ ባላወጣ ነበር። ምስጋናውን ግን ሁሉም ለመጽሐፍ ነው የሚሰጠው።

አከራያችን እትዬ ጥሩነሽ ይባሉ ነበር። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ኋላ የምነግራችሁን ሰምታችሁ እንዳትረግሙብኝ ከወዲሁ ልናገር። ስንቃችን ሲያልቅ ወጥ የሚያቀምሱን፣ ስናስል ዝንጅብል የሚያፈሉልን እሳቸው ነበሩ።

አጸደ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ በሒሳብ ደግሞ የማትቻል ልጅ ነበረች። የቤት ሥራ ስታስረዳኝ "አንቺ እኮ ቀመር ስታዪ ጅብ እንዳየች አህያ ትበረግጊያለሽ" እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እኔም አልተኛላትም። በከተማው ስለ እኔ ማንም የማያውቀውን የምታውቅ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። አባቴ ሳልወለድ ስለሞተ ያሳደገችኝ ከጭቃ በምታገኘው ነው። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። ድስቷን ይፈልጉታል፣ ዓይኗን ይፈሩታል። በእናቴ ድስት የተሠራ ወጥ በልታ ያደረች ሴት፣ በማግሥቱ እናቴን መንገድ ላይ ስታገኛት ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ጣል ታደርግ ነበር። ደብረ ብርሃን ስመጣ ይህ ሁሉ ከገደሉ ማዶ የቀረልኝ መስሎኝ ነበር።

ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት ጥቅምት ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን የሚያነጣበት ሰሞን። አጸደ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ ጫማዬን እሰፋለሁ። ድንገት እጇ ቆመ። ዓይኗ ክፍት ነው፣ የሚያየው ነገር ግን የለም። "ኧረ ባክሽ አትቀልጂ!" ብዬ ተቆጣሁ። ነቀነቅኋት፤ ወይ ፍንክች። ብዙ ቆይታ ከእንቅልፍ እንደተነሳ ሰው ዙሪያዋን አየችና "ስንት ሰዓት ሆነ?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በሬሳ ወደሚባለው ወንዝ ወርደን ልብስ ስናጥብ እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷን አየሁት። የዳነ ጠባሳ አለ፣ ያልዳነም አለ። እኔ ስደነግጥ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ ይህ ጠባዬ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። "አብደሻል እንዴ?" ብዬ ጮህኩባት። ያጠበችውን ቀሚስ ጨምቃ፣ ድንጋይ ላይ አስጥታ ስትጨርስ ነው ተቀምጣ የነገረችኝ። እናትና አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደጋት አጎቷ ነው፤ አያ ሸዋንግዛው። አያ ሸዋንግዛው ሲደበድባት ለቅጣት ብቻ አይደለም፤ ደብድቦ ሲጨርስ እህል ቤት ቆልፎባት ይሄዳል፤ አንዳንዴ ውሎ፣ አንዳንዴ አድሮ ነው የሚከፍትላት።

"ከቤቱ መውጣት ስለማልችል ከራሴ መውጣት ለመድኩ" አለችኝ። "እሱ ሲመታኝ እኔ ጣሪያው ላይ ሆኜ ነበር የማየው። ድሮ ጠቅሞኛል። አሁን ግን ሳልፈልገውም እወጣለሁ፤ ስወጣ ደግሞ መመለሻው ይጠፋኛል። ሲያመኝ ነው የምመለሰው።"

ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ፤ ማልኩ። "ያንቺን እኔ፣ የእኔን አንቺ" አለች። ዛሬ ቢሆን መሐላውን አፍርሼ ለትልቅ ሰው እናገር ነበር። ያኔ ግን ጓደኝነት ማለት አፍ መዝጋት መስሎኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ምን አውቄ!

አንድ ዘዴ ብቻ አገኘን፣ እሱንም ባጋጣሚ። አንድ ቀን እንዲያ ፈዝዛ ስትቀር ግራ ገባኝና ከያዝኩት ቆሎ እፍኝ ሞልቼ መዳፏ ላይ አደረግሁ። መዳፏን በእጄ ከድኜ የመጣልኝን ማውራት ጀመርኩ፦ "ይሄ ቆሎ ነው። ይሄ ግድግዳ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። እኔ የሺ ነኝ።" ጣቶቿ ቆሎውን ቀስ እያሉ አሹት፣ አሹትና "የሺ" አለች። ከዚያ ወዲህ ስትመለስ ከአፏ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል የኔ ስም ሆነ። ሁልጊዜ ይሠራ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ሲሠራ ግን ያን ቀን ክንዷን አትነካውም።

ጥር ላይ ከአጎቷ መልእክት መጣ፤ ሊያያት ወደ ከተማ እየመጣ መሆኑን ነበር የላከባት። አጸደ ደብዳቤውን አነበበችና አጣጥፋ ከመጽሐፏ ውስጥ ከተተችው። በማግሥቱ ትምህርት አልነበረም፤ እኔ ጠዋት ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ወረፋው ረዝሞብኝ እኩለ ቀን ላይ ዱቄቴን አዝዬ ስመለስ ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። አጸደ መሀል ላይ ተቀምጣ ጋቢ አከናንበዋታል፤ ከጋቢው ሥር የሚታጠነው ነገር ሽታ ከውጭ ያስነጥሳል። እትዬ ጥሩነሽ ፈዝዛ አግኝተዋት፣ ክንዷንም አይተውት፣ ሰፈሩን ጠርተው ኖሯል።

"ለፍልፍ! ማነህ? ከየት አገኘሃት?" ይላሉ ሴቶቹ። አገሩ እንደሚያምነው ቡዳ የበላው ሰው ሲታጠን ይለፈልፋል፣ የበላውንም ሰው ስም ይጠራል። ስሙን ለመስማት ጠበቁ።

"የሺ" አለች አጸደ ከጋቢው ሥር። "የሺ... የሺ..."

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዱቄቱን ሳላወርድ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ከመሀላቸው አንዲት የአንኮበር ሰው "ይቺን ልጅ አውቃታለሁ! የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት እኮ!" ስትል አንዳንዶቹ አማተቡ። እትዬ ጥሩነሽ መቀስ ይዘው መጡ። የበላው ሰው ልብስ ቅዳጅ ከታጠነባት ትድናለች ነው እምነቱ። "የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝ። ከነጠላሽ ጫፍ ብቻ" አሉኝ። እኔም ቆሜ አስቆረጥኩላቸው። ቅዳጁ ፍሙ ላይ ሲያርፍ አየሁት።

ስሜን ለምን እንደጠራች በዚያ ግቢ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መመለሻው ጠፍቷት ነው የጠራችኝ። ከእኔ የሚፈለገው ሦስት እርምጃ ሄጄ እጇን መያዝና "አለሁ፣ እኔ የሺ ነኝ" ማለት ነበር። ሦስት እርምጃ! እኔ ግን ዱቄቱን መሬት ላይ አስቀምጬ በበሩ ወጣሁ። መኪና ተራ እስክደርስ ድረስ ስሜ ከኋላዬ የሚጠራ ይመስለኝ ነበር። ብዙ ነገር አጥፍቼ አውቃለሁ፤ የማፍርበት ግን ይህ ነው።

ቤታችን ስደርስ እናቴ ደጅ ተቀምጣ የገንቦ አፍ ታለሰልሳለች። ግማሹን ብቻ ነገርኋት፤ ቡዳ እንዳሉኝ፣ ነጠላዬን እንደቆረጡኝ። ከሥራዋ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

"ይህን ቀን ስጠብቀው ነበር" አለች። "እንዲያውም ዘግይቷል። ሁለተኛ አትመለሺም። እዚሁ ጭቃችንን እናቦካለን።"

ሦስት ቀን ጭቃ አቦካሁ። በአራተኛው ቀን ገበያ ነበር። እናቴ ጎረቤላ ወርዳ ከቀትር በፊት ግማሹን ሸክላ ሳትሸጥ ተመለሰች፤ ጉም ስለወረደ ገበያተኛው ቀዝቅዟል አለች። ዕቃዋን እያወረደች እግረ መንገዷን የሰማችውን ነገረችኝ፦ አያ ሸዋንግዛው የእህቱን ልጅ ሊያመጣ ደብረ ብርሃን ሄዷል፣ ዛሬ በመኪና ይገባሉ፣ እስክትድን ከቤቱ አላስወጣትም ብሏል። "እግዜር ይማራት" አለችና ገንቦዎቹን መደርደር ቀጠለች።

ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት። ስለ እህል ቤቱ፣ ስለ ክንዷ፣ ስለ ቆሎው፣ ስሜን ለምን እንደጠራች፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ዘረገፍኩት። እናቴ የያዘችውን ገንቦ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"አንቺ፣ ይህን እያወቅሽ ነው ሦስት ቀን ሙሉ ጭቃ ያቦካሽልኝ?" አለችኝ።

እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በፍጥነት ስትራመድ አይቻት አላውቅም።

ጎረቤላ ስንደርስ መኪናው ገና እያራገፈ ነበር። አጎቷ ቀድሞ ወረደና አጸደን ሳብ አድርጎ አወረዳት፤ የእጇን አንጓ እንደጨበጠ ነው። ፊቷን ሳየው አገሩ ውስጥ የለችም። እናቴ ገበያተኛውን ጥሳ ከፊቱ ቆመች።

"አያ ሸዋንግዛው፣ ልጅቱን ምን አገኛት?"

"አንቺን ልጠይቅሽ እንጂ!" አለ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ። "የልጅሽን ስም ነው የጠራችው።"

ሰዉ ከበበን። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ሲሏት "በእመቤቴ፣ አይደለሁም!" ስትል የኖረች ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ስትምል አይቻታለሁ፤ ጎረቤት ልጅ ሲታመም ከቤት ሳትወጣ ስትሰነብት አይቻታለሁ። እሷም የምትለውን አውቃለሁ ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አለች፦

"አዎ። የበላኋት እኔ ነኝ። ልጄን አትንኩ፤ እኔ ነኝ።"

ከበው የነበሩት ሰዎች አንድ ላይ ወደ ኋላ ሸሹ። አንዲት ሴት ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ሮጠች። የእናቴ ድምፅ አልተለወጠም፤ የድስት ዋጋ የምትናገር ነው የሚመስለው።

"የበላ ካልለቀቀ የተበላ አይድንም። ይህን እርስዎም ያውቁታል። እኔ ቤት ትምጣ፤ እስክለቃት እኔው ጋ ትቀመጣለች። አይሆንም ካሉም መልካም፣ ይውሰዷት። ነገር ግን እርስዎም ልጆች አሉዎት።"

አያ ሸዋንግዛው የአጸደን እጅ ፍም እንደጨበጠ ሰው ለቀቀው። እኔም እነዚያን ሦስት እርምጃዎች ያን ጊዜ ተራመድኳቸው፤ በአራት ቀን ዘግይቼ። እጇን ይዤ እስከ ቤት ድረስ ስለፈልፍላት ሄድኩ። "ይሄ ጎረቤላ ነው። ዛሬ ገበያ ነው። እኔ የሺ ነኝ። አለሁ፣ የትም አልሄድም።" ደጃችን ስንደርስ ነው "የሺ" ያለችኝ።

ከእኛ ጋር አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጠች። ተአምር አልተፈጠረም። እየፈዘዘች ትቀር ነበር፤ ክንዷንም የጎዳችባቸው ቀናት ነበሩ። እናቴ አትቆጣትም፣ "ለምን?" ብላም አታፋጥጣትም። ቁስሏን አጥባ ታሥርላታለች፤ ከዚያ አጠገቧ አስቀምጣ ጭቃ ታሲዛታለች። አንድ ሕግ ብቻ አወጣችላት፦ "ልትሄጂ ሲልሽ ሳትሄጂ በፊት ንገሪኝ።" አጸደ መጀመሪያ ታፍር ነበር፤ እየቆየች ግን ከጓሮ መጥታ "እማዬ፣ እየሄድኩ ነው" ትላለች፤ እናቴም ሥራዋን ትታ ታወራታለች። ኋላ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። እዚያ ያገኘነው ነርስ አስተዋይ ሰው ነበር፤ ዛርም ቡዳም ሳይል አዲስ አበባ ወደሚገኝ ሐኪም ላካት። እየተመላለሰች ብዙ ዓመት ታከመች። ትምህርቷንም ኋላ ቀጥላ ጨርሳለች። ዛሬም ጭንቅ ሲበዛባት ትንሽ ፈዘዝ ትላለች፤ ክንዷ ላይ አዲስ ቁስል ካየሁ ግን ዘመን ሆኖኛል።

ዋጋውን የከፈለችው እናቴ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤላ ገበያ ላይ ድስቷን የሚገዛ ጠፋ። "ራሷ አምናለች እኮ!" ይላሉ፤ ምን ይመለስላቸዋል? ሸክላዋን በአህያ ጭና ገደል ለገደል ደብረ ሲና ድረስ እየወረደች ለማያውቋት መንገደኞች ስትሸጥ ጉልበቷ አለቀ። ስትሞት ለቅሶ የደረሰው ሰው ድንኳኑን አልሞላውም። አንድ ጊዜ፣ ከማረፏ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ "ለምን አመንሽላቸው?" ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"'አይደለሁም' ስል መቼ አምነውኝ ያውቃሉ?" አለች። "አንድ ቀን እንኳ ይጥቀም ብዬ ነው።"

ቅዳሜ ዕለት ከስብሰባው ተመልሼ ለአጸደ ደወልኩላት። ደብረ ሲና ነው የምትኖረው፤ ሒሳብ ስታስተምር ኖራ በቅርቡ ጡረታ ወጣች። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኋት። "አዪ! ታዲያ ይህን ለማወቅ ያን ያህል ዓመት ተማረ?" ብላ ሳቀች። የሴትዮዋንም ጥያቄ ነገርኋት፣ አዳራሹ እንደሳቀም ነገርኋት።

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"እኔማ ምን እላለሁ? ወጥቼ ሄድኩ።"

"ስለ እማዬ አልነገርሻቸውም?"

"አልነገርኳቸውም" አልኳት። ለምን እንደሆነም ታውቃለች። እዚህ ከተማ አግብቼ ወልጄ ስኖር እናትሽ ምን ትሠራ ነበር ሲሉኝ "ገበሬ ነበረች" ነው የምለው። ባሌ ሳያውቅ ሞተ። ልጆቼም አያታቸው ገብስ ስታመርት የኖረች ይመስላቸዋል። ልጆቼን ለመዳር ስል ጀመርኩት፤ ከዳርኋቸው በኋላም መተው አቃተኝ። ፍርሃት ሲለመድ ጠባይ ይሆናል።

አጸደ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ድሮ የቤት ሥራ እንደምታስረዳኝ ቀስ ብላ ተናገረችኝ። "የሺ፣ እሷ ለእኔ ብላ ያልሆነችውን ነኝ አለች። አንቺ የሆነችውን ነበረች ማለት ያቅትሻል?"

ስልኩን ዘግቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈለግሁ። ሐኪሙ ተመልሶ እንደሚመጣ ርእሰ መምህሯ ነግራናለች፤ ያችን ሴትዮም ያን ቀን እፈልጋታለሁ፤ እንዲያ የጠየቀችው ቤቷ ውስጥ ያየችው ነገር ቢኖር ነው ብዬ እገምታለሁ። እስከዚያው ግን ልጆቼ እንዲያነቡት ይህን ጻፍኩ። እናቴ ወይዘሮ ዘነበች ትባል ነበር። ሸክላ ሠሪ ነበረች።